አይፈለጌ መልእክት በጆሮ ሲነበብ

ድሬዳዋ ላይ ጭንቅላት የሚፈልግ ሥራ የሚሠራው በጠዋት ነው። ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ቤቱም ሰውም ይግላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በረንዳ ወጥቼ፣ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ኢሜይሌን እከፍታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ባጃጆች ወደ ከዚራ ሲወርዱ ይሰማኛል። ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎች እያወጉ ያልፋሉ። ባለቤቴ ከጓዳ ከሰል ታያይዛለች። ይህን ሁሉ የምሰማው በግራ ጆሮዬ ነው። ቀኝ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አለ፤ ኮምፒውተሩ የሚያነብልኝ በእሱ በኩል ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ቆጠርኩ። በአንድ ሌሊት 43 መልእክት ገብቶ አደረ። ለእኔ ተብለው የተጻፉት ስድስት ነበሩ። በቀሩት ውስጥ የማላውቀው ሰው ውርስ ትቶልኛል፤ ሒሳብ ከፍቼ በማላውቅበት ባንክ ሒሳቤ ታግዷል፤ አንድ ሻይ ቦርጭ ያጠፋል፤ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ገንዘቤን በሳምንት እጥፍ ሊያደርግልኝ ቃል ይገባል። ዓይን ያላቸው የሥራ ባልደረቦቼም ከዚህ ያላነሰ ይመጣላቸዋል። እነሱ ግን ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ቃኝተው፣ የሚያውቁትን ስም ለይተው ይገባሉ። ቆሻሻው በዓይናቸው ጠርዝ ያልፋል። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ በእኔ ዘንድ ቆሻሻውም ተራውን ጠብቆ ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚያይ ሰው ቀፊራ ገበያ ሲደርስ መግቢያው ላይ ቆሞ ሽንኩርቱ የት እንዳለ፣ ቅመሙ የት እንዳለ፣ የት ጋ እንደሚጋፋ በአንድ እይታ ያውቃል። ጆሮ ወረፋ ነው፤ ፊተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ ኋለኛው አይገባም። የላኪው ስም፣ ርዕሱ፣ ቀኑ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ላኪ። ለዚህ ነው አብዛኞቻችን የአንባቢውን፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልንን ፕሮግራም፣ ፍጥነት ከተራ ንግግር ሁለትና ሦስት እጥፍ የምናደርገው። ላልለመደው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል፤ እኛ ግን ቃል በቃል እንሰማዋለን። አይፈለጌ መልእክት የሚልኩ ሰዎች ዓይን ለመሳብ ርዕሱ ላይ ትንንሽ ሥዕሎች ይደረድራሉ። አንባቢው እነሱንም በስማቸው ይጠራል፤ «ፋየር፣ ፋየር፣ ፋየር፣ የገንዘብ ከረጢት፣ የገንዘብ ከረጢት፣ ቀይ ልብ» ካለ በኋላ ነው ወደ ቃሉ የሚደርሰው። ያኔ እኔ ቁልፉን ተጭኜ አልፌዋለሁ፤ ቢሆንም ጆሮዬ ላይ ጮሆብኛል።

ዓይን ያለው ሰው ፈጽሞ የማያየው፣ እኛ ብቻ የምንሰማው ነገርም አለ። መልእክት የሚያጣሩ ፕሮግራሞች ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ ሰባኪና የሒሳብ ሰው ቶማስ ቤይዝ ባፈለቀው ሐሳብ ላይ ይቆማል። ማጣሪያው ቃላቱን ይመዝናል። «አሸንፈዋል» እና «በነፃ» የሚሉት ቃላት በቆሻሻ መልእክት ውስጥ ስንት ጊዜ፣ በደህና መልእክት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታዩ ያሰላና ወደ አንዱ ወገን ያደላል። ላኪዎቹ ይህን ሲያውቁ ዘዴ ፈጠሩ። ከማስታወቂያው ሥር ከልብ ወለድ ወይም ከዜና የተቆረጠ ንጹሕ ጽሑፍ ያስገባሉ፤ ሰው እንዳያየው ደግሞ ፊደሉን በነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ያደርጉታል። ማጣሪያው ንጹሑን ቃል ቆጥሮ ያሳልፈዋል። የሚያይ ሰው ባዶ ቦታ ብቻ ያያል። የእኔ አንባቢ ግን ቀለም አይገደውም፤ ከቦርጭ ማጥፊያው ሻይ ቀጥሎ ስለ አንዲት መርከብና ስለ ጨረቃ፣ መጀመሪያም መጨረሻም ስለሌለው ታሪክ ይተርክልኛል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን መልእክቱ የተበላሸ መስሎኝ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት፤ ውስጡ ለእኔ የታሰበ ነገር እንዳይኖር ሰግቼ ነበር።

ኮምፒውተር የጀመርኩት በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት የተማርኩት በብሬይል ነበር፤ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብልኝ ሰው እፈልግ ነበር። የመጀመሪያውን ኢሜይል ያለ ማንም እርዳታ ያነበብኩበትን ቀን አልረሳውም። ይህን ያስቻሉትን ሰዎች ስም ማንሳት ደስ ይለኛል፤ ራሳቸው ከእኛ ወገን ናቸውና። ቴድ ሄንተር የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር። በመኪና አደጋ የዓይኑን ብርሃን ካጣ በኋላ ፕሮግራም መጻፍ ተማረ፤ ጆውስ የተባለው አንባቢ እ.ኤ.አ. በ1989 ከእሱ ኩባንያ ወጣ። ጆውስ ጥሩ ነው፤ ለመምህር ደመወዝ ግን ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት ኤንቪዲኤን ጀመረ፤ ሌላው ዓይነ ስውር ጄምስ ቴህ ተቀላቀለውና ለዓለም በነፃ አደሉት። እኔ ዛሬ የምሰማው በእሱ ነው። ታይዋን ከሚባለው የከተማችን ገበያ በገዛሁት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብዳቤዬን እኔው ራሴ አነባለሁ።

ይህን መጀመሪያ መናገር ያስፈለገኝ ቆሻሻው የሚወስድብኝ ምን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። ለሌላው ሰው ኢሜይል አንድ ተጨማሪ መገናኛ ነው። ለእኔ ከሰው ዓይን ነፃ የወጣሁበት በር ነው። ያ በር ላይ የሚከመረው ኮተት በሌላ ሰው በር ላይ ከሚከመረው ይለያል።

የነገሩ አመጣጥ ረጅም ነው። ሜይ 3፣ 1978 እ.ኤ.አ. ጌሪ ቱርክ የተባለ የአንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ገበያ ሠራተኛ፣ የኢንተርኔት እናት በሆነው በአርፓኔት ላይ ለ400 ያህል ሰዎች ስለ አዲስ ኮምፒውተር ማስታወቂያ ላከ። ሳይጠየቅ በጅምላ የተላከ የመጀመሪያው የንግድ መልእክት ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ለእኛ አገር ሰው ግን ይበልጥ የሚቀርበው ሁለተኛው ታሪክ ነው። ኤፕሪል 12፣ 1994 እ.ኤ.አ. በአሪዞና የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠበቆች በሺዎች ለሚቆጠሩ የውይይት ቡድኖች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። የማስታወቂያው ጉዳይ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የግሪን ካርድ ዕጣ። ዲቪ! ይህን ሳውቅ ብዙ አሰብኩ። ዓለም አይፈለጌ መልእክትን በስፋት ያወቀው እኛ ሠፈር በየዓመቱ ወረፋ በሚሰለፍበት ጉዳይ ነው።

ድሬ ላይ ዲቪ የማይሞላ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። ወቅቱ ሲደርስ የፎቶ ቤቶቹ በር በሰው ይሞላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ «ደርሶዎታል» የሚሉት ደብዳቤዎች ይመጣሉ። የጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጅ አንድ ማታ እየሮጠ መጥቶ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አስጠጋልኝ፤ ቤተሰቡ ውስጥ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚተረጎመው እኔ ጋ ነው። አንባቢው እያነበበ ስሰማ ልቤ ወረደ። ክፍያ፣ አድራሻ፣ ሦስት ቀን። እናቱ በር ላይ ቆማ እልል ልትል አፏን ከፍታለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። «ቆይ፣ ቆይ» አልኳት። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ደረሰህ» ብሎ የምሥራች በኢሜይል አይልክም፤ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ነው የሚያየው። ቁጥሩን ፈልገን ገባን። አልደረሰውም። እናቱ ምንም ሳትል ወደ ቤቷ ተመለሰች። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት የምናውቅ ሰዎች እንኳ ላሟ በስማችን ስትጠራ ዞር ማለታችን አይቀርም፤ ስለዚህ በልጁም በእናቱም አልፈርድም።

ሰዎች «ማገጃ አበጅተውለት የለም ወይ?» ይሉኛል። አበጅተዋል። ችግሩ ማገጃዎቹ የተሠሩት ከዓይን መሆኑ ነው።

ካፕቻ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሠሩት ሥራ ጋር የሚያያዝ ነው፤ ዓላማውም ሮቦቶች በሺህ የሚቆጠር የኢሜይል አድራሻ ከፍተው ቆሻሻ እንዳይልኩ መከልከል ነበር። የተጣመመ ፊደል አንብብ፤ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ ይህ አሠራር ዓይነ ስውራንን እንደሚዘጋ በ2005 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስታውቋል። የድምፅ አማራጭም ገባ፤ ግን ድምፁን ሮቦት እንዳይረዳው ሲሉ በጫጫታ ያጅቡታል። ከጫጫታው ሥር በማላውቀው የእንግሊዝኛ ቅላጼ የሚንሾካሾክ ቁጥር አለ። በዚያ ላይ የእኔው አንባቢ ይናገራል፤ ሁለት ድምፅ እላዬ ላይ ይደራረባል።

አንድ ቀን አንድ ሰው የይለፍ ቃሌን ሊሰብር ሞከረና አድራሻዬ ተቆለፈ። ለመክፈት ሰው መሆኔን ማረጋገጥ ነበረብኝ። የድምፁን ስድስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ስድስቱንም ወደቅሁ። ሰባተኛው ላይ ኮምፒውተርህ ራሱን ችሎ መልእክት የሚልክ ይመስላልና ቆይተህ ሞክር አለኝ። የፈተና ጥያቄ ለትምህርት ቤቱ በዚያ ቀን መላክ ነበረብኝ። የጎረቤቴን ሴት ልጅ፣ የዲቪውን ልጅ ታናሽ፣ ጠራኋት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሥዕሎቹን በሁለት ደቂቃ መረጠችልኝ፤ አድራሻዬ ተከፈተ። ከዚያ ዝም አለች። ድሬ ላይ ልጅም ቢሆን ታላቁን አንተ ነው የሚለው፤ ከንቀት አይደለም፣ አገሩ እንዲህ ነው። እና በዚያ በለመደችው ድምፅ፣ ግን በጣም ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ባለቤትህን ሐኪም ቤት እንደገና ጠሯት እንዴ?» አለችኝ።

የባለቤቴ የምርመራ ውጤት ቀጠሮ በኢሜይል መጥቶ ከሁሉም መልእክት በላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ገና አልሰማሁትም። ባለቤቴም አልሰማችም። ከሁላችን በፊት ያወቀችው አንዲት ሕፃን ናት፤ ጥፋቷም አይደለም፣ ዓይን ያየውን ነው ያነበበችው። ምርመራው በኋላ ደህና ሆነ፤ ተመስገን። ያ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ቆሻሻውን እንዲከለክል የተሠራው አጥር እኔን መልሶ የሰው ዓይን ጠባቂ አደረገኝ፤ ደብዳቤዬን ያነበብኩበትን የመጀመሪያ ቀን ነጠቀኝ ብዬ ነው የምቆጥረው። ልጅቷ አሁንም ትመጣለች፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ግን ሳልጠይቃት ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች። ወንበሯ ሲንቋቋ ይሰማኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ሐረር የሚኖር የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኛ አለኝ፤ እንደ እኔው ዓይነ ስውር፣ እንደ እኔው መምህር። አንድ ጊዜ ከሌላ የጋራ ጓደኛችን አድራሻ ደብዳቤ መጣለት። ለአፍሪካ ዓይነ ስውር መምህራን ብሬይል ዲስፕሌይ በነፃ እየታደለ ነው ይላል። ለማያውቀው ልንገር፦ ብሬይል ዲስፕሌይ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ትንንሽ ነጥቦችን ከፍ ዝቅ እያደረገ ጣት ሥር የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። በጆሮ ብቻ ለሚያነብ ሰው ፊደሉን መልሶ መንካት ማለት ነው። የአብዛኛው ዋጋ ደግሞ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። ጓደኛዬ ለዓመታት ሲመኘው የኖረው ነገር ነው፤ ይህን የማውቀው እኔ ራሴም ስለምመኘው ነው። የማጓጓዣና የቀረጥ ብቻ 18,000 ብር ክፈል ተባለ። ዕቁብ ደርሶት ነበር፤ ከፈለ። ከሦስት ቀን በኋላ 7,000 ጨምር ሲሉት ነው የደወለልኝ። ድምፁን ስሰማ፣ ሳይነግረኝ፣ እንደተታለለ ራሱም እንደገባው አወቅሁ። የጋራ ጓደኛችን አድራሻ ከሳምንታት በፊት ተሰብሮ ነበር።

ደብዳቤውን እንዲልክልኝ ለመንኩት። ሳዳምጠው ያመመኝ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬም ያመኛል። በጣም ጥሩ ሆኖ ተጽፎ ነበር። አንድም ሥዕል የለበትም። ርዕሶቹ በትክክል ርዕስ ተደርገው ስለተሠሩ በአንድ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ይቻላል። አንቀጾቹ አጫጭር ናቸው። ሊንኩ ወዴት እንደሚወስድ በቃል ተገልጿል። የጻፈው ሰው እኛ እንዴት እንደምናነብ ያውቃል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከምናውቃቸው፣ ከታመኑ መሥሪያ ቤቶች የመጡልኝን ማስታወቂያዎች አስታወስኩ። የሥልጠና ጥሪው ፎቶ ተነሥቶ የተላከ ወረቀት ነው፤ አንባቢዬ «ግራፊክ» ብሎ ዝም ይላል። የደመወዝ ማስተካከያው ማኅተም ያለበት ስካን ነው፤ «ግራፊክ»። ለእኛ ቀና መንገድ የሠራልን ሌባው ሆነ፤ ባለ ጉዳዩ መሥሪያ ቤት በሥዕል ዘጋን። ጓደኛዬ ሞኝ አይደለም። በሕይወቱ ካነበባቸው ኦፊሴላዊ ደብዳቤዎች ሁሉ ለእሱ ታስቦ የተጻፈ የመሰለው ያ አንዱ ብቻ ስለነበረ ነው ያመነው። ማስታወቂያ የምታወጡ ሰዎች ይህን ብታነቡ፣ ከፎቶው ሥር ጽሑፉን ገልብጣችሁ ለጥፉልን። አምስት ደቂቃ ነው።

የላኪ ስም ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። ኢሜይል የሚጓዝበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 በጆን ፖስተል ሲጻፍ ላኪው እውነት እሱ መሆኑን የሚጠይቅ ምንም ነገር አልነበረበትም። በፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጉትን ስም ጽፎ ሳጥን ውስጥ እንደ መጣል ነው። ያኔ ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ይተማመኑም ነበር። ኋላ ላይ ላኪው የመጣበትን ሰርቨር የሚያረጋግጡ ዘዴዎች ተጨምረዋል፤ ብዙ ሐሰተኛ ስምም ያስቀራሉ። የጓደኛዬን ዓይነት ግን አይዙም፤ አድራሻው እውነተኛ ነውና፣ የገባበት ሰው ብቻ ነው ሐሰተኛው።

ስለ ማታለል ሳስብ ዓይንና ጆሮ የሚሳሳቱበት ቦታ የተለያየ መሆኑ ይደንቀኛል። የላቲኑ አር እና ኤን ተጠጋግተው ሲጻፉ ኤም ይመስላሉ፤ ብዙ የሚያይ ሰው በዚህ የውሸት ድረ ገጽ ውስጥ ገብቷል። እኔን በዚህ አያገኙኝም፤ አንባቢዬ ስሙን ሲጠራ ይሰበራል፣ ወዲያው ይሰማኛል። በእኔ በኩል ያለው ቀዳዳ ሌላ ነው፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች። የአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። «ሰላም» በእሳቱ «ሰ» ቢጻፍ በንጉሡ «ሠ» ቢጻፍ ጆሮ ላይ አንድ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለእኔ አንድ ሰው ናቸው። የእንግሊዝኛውም እንዲሁ፦ በፒኤች የተጻፈውና በኤፍ የተጻፈው ስም እኩል ይሰማል። ስለዚህ አሁን ሊንክ ላይ ስደርስ አልጫንም። የኤንቪዲኤን ቁልፍ ይዤ ኬን እጫናለሁ፤ ሊንኩ በእውነት የሚወስድበትን አድራሻ ይነግረኛል። ገንዘብ የሚነካ ከሆነ አንድ በአንድ ፊደሉን አስቆጥራለሁ። ጊዜ ይፈጃል። ባለቤቴ አንዳንዴ «አቦ፣ ቁርሱ ቀዘቀዘ!» ትላለች።

ሌላም ያደረግሁት አለ። የማውቃቸውን ሰዎች አድራሻ ለይቼ ደብዳቤያቸው በራሱ ወደ ሌላ ሳጥን እንዲገባ አዘዝኩ፤ ጠዋት መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ሱቅ ወይም ድረ ገጽ አድራሻ ሲጠይቀኝ የምሰጠው ሁለተኛ አድራሻ አለኝ። ሥዕል በራሱ እንዳይወርድ ዘጋሁት፤ እኔን አይጠቅመኝም፣ ለላኪዎቹ ግን በመልእክቱ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ነጥብ ስትወርድ ይህ አድራሻ ሰው አለበት ብላ ትነግራቸዋለች። ከማላውቀው ሰው በመጣ ደብዳቤ ግርጌ ያለውን «ከዝርዝሩ ሰርዘኝ» አልጫንም፤ ምክንያቱ ያው ነው።

ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚላክን የንግድ ማስታወቂያ ወንጀል አድርጎታል፤ የላኪው እውነተኛ ማንነትና አድራሻ ካለበትና ተቀባዩ በቀላሉ እምቢ የሚልበት መንገድ ከተቀመጠለት ግን ያልፈዋል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ሆኖም ለእኔ የሚደርሰው አብዛኛው ከባሕር ማዶ ነው፤ የድሬ ፖሊስ የት ሄዶ ይይዘዋል? ጓደኛዬ ሐረር ላይ አመልክቷል። ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ በሦስተኛ ሰው ስም ነበር፤ ያም ሰው መታወቂያው ጠፍቶበት የነበረ ሆኖ ተገኘ።

ማጣሪያው በተቃራኒው የበደለኝ ጊዜም አለ። የብሬይል መጻሕፍት ለሚያዘጋጁ ሰዎች የተሰናዳ ሥልጠና ጥሪ በስሜ ተልኮ ነበር። ማጣሪያው ቆሻሻ ብሎ ወረወረው፤ እኔ በ19ኛው ቀን አገኘሁት፣ ሥልጠናው አልፏል። የቆሻሻውን ሳጥን መፈተሽ ለሚያይ ሰው አንድ ደቂቃ ነው። ለእኔ ለመስማት የማልፈልገውን ሁሉ በፈቃዴ ተቀምጬ መስማት ነው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ አደርገዋለሁ።

ከጊዜውም ከገንዘቡም በላይ የሚያሳስበኝን አሁን ልናገር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከተማችን ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት የእኛ ቤት ከወንዙ ብዙም አይርቅም ነበር። ደቻቱ በጋውን አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ያን ሌሊት እኔን የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። መጀመሪያ መኪና የመሰለኝ ጉርምርምታ፣ ከዚያ አንዲት ሴት «ኧረ ውሃ! ኧረ ውሃ!» ስትል። የሚያይ ሰው በር ከፍቶ ያያል። እኔ ያቺን ሴት ማመን ነበረብኝ፤ አመንኳት፣ እናቴን ቀስቅሼ ወጣን። ዓይነ ስውር ሰው የሚድነው ሲጠሩት በማመን ነው። መንገድ ሲሻገር «ቁም!» ያለውን የማያውቀውን ሰው ያምናል። ባጃጅ ላይ «ደረስን» ሲሉት ያምናል።

እና በየጠዋቱ በዚያው ጆሮ «አስቸኳይ! የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ! አሁኑኑ!» እሰማለሁ፤ በቀን አሥር ጊዜ፣ ለዓመታት። ጆሮዬ ቃሉን ተላመደው። ባለፈው ዓመት እህቴ «አስቸኳይ፣ ደውልልኝ» ብላ ጽፋልኝ፣ ስልኬ ተዘግቶ ስለነበር ነው በኢሜይል የጻፈችው፣ ርዕሱን ሰምቼ እጄ ሳያስበው ዴሊት ላይ ሄደ። ስሟን የሰማሁት ከተጫንኩ በኋላ ነው። የሠፈር ሽማግሌ ለቅሶ ነበርና የከፋ ነገር አልሆነም። እጄ ግን አስፈራኝ። «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል ሰረቁብኝ። ለሌላው ሰው ትርፍ ቃል ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ያቺ ሌሊት እንደ ተጠራሁበት ጩኸት ያለ ቃል ነው።

ይህን ለሐረሩ ጓደኛዬ ነገርኩት። ከተጭበረበረ በኋላ ለወራት ደብዳቤ መክፈት ትቶ ነበር፤ የእኔንም ጭምር። «አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» አለኝ በስልክ። ተቆጥቶ አልነበረም፣ የምሩን ነው። ብዙ ተወያየን። የምሥጢር ቃል እንስማማ ብንል፣ አድራሻችን ከተሰበረ ቃሉም በአሮጌ ደብዳቤዎች ውስጥ ይገኛል። በመጨረሻ አንድ ነገር መጣልን። እያንዳንዱን ደብዳቤ በዚያ ቀን በሰማነው ድምፅ እንጀምራለን። ስለ አየሩና ስለ ጤናው አይደለም፤ ያን ቀን ጆሯችን የያዘው አንድ የተለየ ድምፅ። ሌባ ምናልባት ሊያስመስል ይችላል። ግን እኔ የእሱን ጆሮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ምኝታ ቤታችን ውስጥ ማን እንደገባ በእርምጃው ለይተን እንወራረድ ነበር። በገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ግን ደብዳቤውን አምነንም እንደዋወላለን፤ ይህም ስምምነታችን ነው።

ስምምነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔ ስለ ከዚራ ዛፎች ወፎች፣ ስለ ባቡሩ፣ በታይዋን ስለሚጮሁት ሻጮች ጽፌለታለሁ። እሱ አንድ ጊዜ ፈላና በር አካባቢ ሌሊት ስለሰማቸው ጅቦች ጻፈልኝ፤ ሁለት ዓይነት ጩኸት ለይቶ።

ዛሬ ጠዋት ከገቡት 38 መልእክቶች አንዱ የእሱ ነበር። ሐረር ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ከሚሰፉበት ከመኪና ግርግር መንገድ ነው፤ እንዲህ ይጀምራል፦ «ትናንት ከሰዓት መኪና ግርግር ላይ ድንገት ዝናብ ወረደ። ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን እየጎተቱ ከጣሪያ ሥር ገቡ፤ የብረቱ እግር ድንጋዩ ላይ ሲፋጭ ሰማሁ። አንዱ ሰፊ ብቻ አልተነሣም። ዝናቡ ውስጥ መስፋቱን ቀጠለ፤ የማን እንደሆነ መርፌው ክር ሲጨርስ በሚያሰማው ጠቅታ ለየሁት።»

ፍጥነቱን ቀነስኩና እንደገና አስነበብኩት።